ወቃሪና ፋቂ

የወፍጮ ቤት ሞተር ቢጠፋም ቺንጋው ወዲያው አይቆምም። ጥቂት ይንገላጀጃል፣ ያፏጫል፤ ድንጋዩም የመጨረሻዋን ጭብጥ ማሽላ አላምጦ ዝም ይላል። በምዕራብ ሐረርጌ፣ መቻራ ከተማ፣ በአንድ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ቆሜ ይህን የሰማሁ ዕለት መብራቱ የሄደው ተበላሽቶ አልነበረም። ለጥገና እንደሚቋረጥ ቀደም ብሎ ተነግሯል። ባለ ወፍጮው በእንጨት በሩ ላይ በጠመኔ «ዛሬ እስከ 10 ሰዓት ወፍጮ የለም» ብሎ ጽፎ፣ ከሥሩ ያንኑ በኦሮምኛ ደግሞታል። ሰዓቱ እስኪደርስ ድረስ ግን ይፈጭ ነበር።

አንዲት እናት በአህያ በቆሎ ጭነው ደረሱ።

«ኦቦ፣ መብራቱ ሄደ እንዴ?»

«ሄዷል አዴ፣ ግን ሰዓቱን ነግረውናል። እህሉን እዚህ ያውርዱት፤ ገበያ ውለው ሲመለሱ ተፈጭቶ ይጠብቅዎታል።»

እናትየው ጆንያቸውን አስወርደው፣ አህያዋን ጥላ ሥር አስረው ሄዱ። እኔ ግን ቀረሁ። ያስቀረኝ ከውስጥ የተሰማው የመዶሻ ድምፅ ነው።

ባለ ወፍጮው የመብራት መቋረጫውን ቀን ሲሰማ ወቃሪ ቀጥሮ ነበር። ሁለቱ ድንጋዮች ተላቀው፣ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ዱቄቱ ተጠርጓል። ወቃሪው ግን ሥራውን በመዶሻ አልጀመረም። መጀመሪያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መዳፉን ከድንጋዩ መሐል ወደ ጠርዝ እየጎተተ ዳበሰው። ቀጥሎ ጠርዙ ቀጥ ብሎ የተላገ ጣውላ አነሣና ጠርዙን ከሰል ቀባው፤ ድንጋዩ ላይ አጋድሞም አንድ ዙር አዞረው። ድንጋዩ ያበጠበት ቦታ ሁሉ ጠቆረ፤ የጎደጎደው እንደ ነበረ ቀረ። ከዚህ በኋላ መገመት የሚባል ነገር የለም። የሚወቀረው የጠቆረው ነው።

መዶሻው በሁለቱም በኩል ሹል አፍ አለው። ወቃሪው ክርኑን የታጠፈ ጆንያ ላይ አሳርፎ ስለሚሠራ የሚንቀሳቀሰው የእጁ አንጓ ብቻ ነው። ጣ፣ ጣ፣ ጣ፣ ጣ። አንድም ኃይለኛ ምት አልሰማሁም። በጉልበት የሚመታ ሰው ድንጋዩን ይፈነቅለዋል፤ የተፈነቀለው ቦታም እህል ሳይፈጭ ሾልኮ የሚያልፍበት ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። እህሉ በሚገባበት ዓይን አጠገብ ቦዮቹ ጠለቅ ያሉ ናቸው። ወደ ዳር ሲሄዱ ይሳሳሉ፣ አሁንም ይሳሳሉ፤ መጨረሻው ላይ በዓይን የማይለዩ፣ በጣት ብቻ የሚታወቁ ጭረቶች ይሆናሉ። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው እጁን ሳያቆም መለሰልኝ። «እህል መጀመሪያ ይሰበራል፣ ከዚያ ይደቃል። ዳር ላይ ቦዩ ከጠለቀ ሳይደቅ ይወጣል። መሐል ላይ ከሳሳ ደግሞ ድንጋዩ ይግላል፣ ዱቄቱ ይቃጠላል።» የእጁን ጀርባ አየሁት፤ ቆዳው ውስጥ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ። ከመዶሻው እየተሰበሩ የገቡ የብረት ፍንጣሪዎች ናቸው።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የሰጠው ግስ መውቀር ነው። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የምንጠራው በዚሁ ቃል ነው፤ እናቶች የእጅ ወፍጯቸውን ሲወቅሩ የኖሩትም በዚሁ ቃል ነው። ተራራ ፈልፍሎ መቅደስ የሚያወጣና በቆሎ የሚያደቅ ድንጋይ የሚስል ሰው በአንድ ግስ መጠራታቸው ደስ ይለኛል። በክብር ግን እኩል አላደረግናቸውም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

መብራት ስለ መሄዱ ትንሽ ልበል። አገራችን ጨለማን ለይታ ታውቃለች። ብልሽት አለ፤ ሳይነግር መጥቶ ሳይነግር የሚሄድ። ፈረቃ አለ፤ በ2011 ዓ.ም. በግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃው በማነሱ ኤሌክትሪክ በሰዓት ተሸንሽኖ እንደ ተዳረሰው። ሦስተኛው ደግሞ የጥገና መቋረጥ ነው። ይኸኛው በመጠኑ አጭር፣ በአመጣጡም ጨዋ ነው። ቀኑን አስታውቆ ይመጣል፤ ቃሉን ከጠበቀም በሰዓቱ ይሄዳል። ኃይል ማመንጫዎች አካባቢ «የቅድመ መከላከል ጥገና» ይሉታል። የድሮው አማርኛ በሁለት ቃል «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ ጨርሶታል።

እዚህ ላይ ነገሩን አጥርቼ ልናገር። በመቻራ ያ ቀን የመጣው ከግድብ ሳይሆን ከመስመር ጥገና ነው። የአገሪቱ ማመንጫዎች በአንድ መረብ የተያያዙ ስለሆኑ የአንድ ግድብ አንድ ተርባይን ለጥገና ሲቆም ሌሎቹ ሸክሙን ይካፈሉታል፤ ሥራው በወጉ ከታቀደ መቻራ አምፖሏ እንኳ ሳይርገበገብ ቀኑ ያልፋል። በግድብ ላይ የሚሠራ ምርጥ ጥገና ማለት ወፍጮ ቤቱ ያልሰማው ጥገና ነው። ወቃሪውን እያየሁ ያሰብኩት ያንን ያልተሰማ ሥራ ነበር፤ ድንጋይ የሚወቅረውን በዓይኔ አየሁት፣ ግድቡ ላይ ያለውን ግን ከተማው ሁሉ በስም እንኳ አያውቀውም።

የምዕራብ ሐረርጌ ነገር ደግሞ ልዩ ነው። የጨርጨር ተራሮች ዝናብ ለሁለት የሚከፈልበት ጣሪያ ናቸው። በሰሜኑ ፊት የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በደቡቡ ፊት፣ በመቻራና በዳሮ ለቡ በኩል የወረደው ደግሞ ወደ ዋቤ ሸበሌ። ሁለቱም ወንዞች ወደዚህ አገር ከመድረሳቸው በፊት በላይኛው ክፍላቸው ተገድበዋል፤ አዋሽ ቆቃ ላይ፣ ዋቤ ሸበሌ መልካ ዋከና ላይ። መልካ ዋከና እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ የጀመረ፣ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ ነው። የጨርጨር ዝናብ የሁለቱንም ግድቦች ግድግዳ ሳይነካ ከታች ይቀላቀላል። ስለዚህ በጭሮ፣ በበዴሳ፣ በገለምሶና በመቻራ የሚበራው አምፖል የሌላ አገር ዝናብ ነው ቢባል ቀልድ አይሆንም።

ከእነዚህ ጣቢያዎች ይበልጥ የሚማርከኝ አሮጌው ቆቃ ነው። በጣሊያን የጦር ካሣ ገንዘብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 3 ተርባይኖች ያሉት፣ አቅሙ 43.2 ሜጋ ዋት ብቻ የሆነ ግድብ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ከተሠራው የሕዳሴ ግድብ አጠገብ ሲቀመጥ የጓሮ ምንጭ ይመስላል። ቢሆንም ቆቃ ለብቻው አይሠራም። ከእሱ የወጣው ያው ውኃ ዝቅ ብሎ አዋሽ 2ን፣ ከዚያም አዋሽ 3ን ያዞራል፤ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት። አንድ ውኃ ሦስት ጊዜ ይሠራል ማለት ነው። መሐል ላይ ደግሞ የወንጂ ሸንኮራ አለ፣ ዝቅ ብሎም የመተሐራ፤ ከብቱን አዋሽ የሚያጠጣ አርብቶ አደርም አለ። ስለዚህ የቆቃን ተርባይን ለጥገና የሚያቆም ሰው ሥራውን የሚጀምረው መፍቻ በማንሣት አይደለም። መጀመሪያ የሐይቁን ከፍታ ያያል፤ ክረምቱ መቼ እንደሚገባ ያሰላል፤ በቀሩት ሁለት ተርባይኖች በኩል ምን ያህል ውኃ እንደሚያልፍ፣ ታች ያለው ገበሬ ቦዩ እንዳይደርቅበት፣ በሌላ በኩልም ማሳው እንዳይጥለቀለቅበት ይመዝናል። ይህ ስሌት ራሱ የእጅ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ በወረቀት ላይ መሠራቱ ብቻ ነው።

ከዚያ ውኃው ይዘጋል። ከባድ የብረት መዝጊያዎች በክሬን እየተንጠለጠሉ በጎድጎዳቸው ይወርዳሉ፤ ውስጥ የቀረው ውኃ በፓምፕ ይጠባል። ማሽኑን ሊያነቁ የሚችሉ ማብሪያዎች ሁሉ ይቆለፋሉ፣ ቁልፉም ውስጥ ገብቶ በሚሠራው ሰው ኪስ ይሆናል። ሰውየው ካልወጣ ቁልፉ አይመለስም፤ ቁልፉ ካልተመለሰም ማንም አለቃ ማሽኑን አያስነሣም። በማንኛውም ሥራ ቤት ካየኋቸው ደንቦች ይኸኛው ይበልጥብኛል፤ የሠራተኛውን ነፍስ በሠራተኛው ኪስ ያስቀምጣል።

ከዚህ በኋላ ዓይን ያስፈልጋል። ተርባይኑ ፍራንሲስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ውኃ ዙሪያውን ገብቶ በታች የሚወጣበት፣ የተጠማዘዙ ምላጮች ያሉት የብረት አበባ በሉት። አዲስ ሳለ ምላጩ እንደ መስታወት ይንሸራተታል። ከሠራ በኋላ ሲታይ ግን በሁለት ዓይነት ቁስል ተወግቷል። አንዱ ደለል ነው። አዋሽ ከሸዋ ማሳዎች አጥቦ ያመጣው አፈር ከቆቃ ሐይቅ ሆድ ብዙ ቦታ ወስዷል፤ አልፎ የሚገባው ድቃቂ አሸዋም ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ለስላሳ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የተጋደመ መፋቅ ነው። ሁለተኛው ቁስል ይበልጥ ይደንቃል። ውኃው ምላጩን አቋርጦ ሲፈጥን በአንዳንድ ቦታ ግፊቱ እጅግ ስለሚወርድ ውኃው ሳይሞቅ ይፈላል። ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ ግፊቱ ወደሚበረታበት ቦታ ሲደርሱም ባንድ አፍታ ይከስማሉ። እያንዳንዱ ክስመት አንዲት የመርፌ ጫፍ የምታህል የመዶሻ ምት ናት። ያቺ ምት ሚሊዮን ጊዜ ስትደጋገም ብረቱ ፈንጣጣ የወጋው ፊት ይመስላል። ማለት፣ ውኃም ይወቅራል። የሚወቅረው ግን ባልተፈለገበት ቦታ ነው።

የበያጁ ሥራ ያንን ፊት መመለስ ነው። የፈንጣጣውን ጉድጓድ ዝም ብሎ አይሞላውም። መጀመሪያ የታመመው ብረት ተፈግፍጎ ጤናማው እስኪደርስ ይወጣል፤ ከዚያ በማይዝግ ብረት ዘንግ፣ በአጫጭር መስመሮች ይሞላል። አንዱን ምላጭ ጥቂት በይዶ ተቃራኒው ወዳለው ምላጭ ይሻገራል፤ ሙቀት አንድ ቦታ ከተከማቸ ቶኖች የሚመዝነው ብረት ይጣመማል። ቸኩሎ ባንድ ቦታ የጨረሰ በያጅ ቁስሉን ደፍኖ ማሽኑን አንካሳ ያደርጋል። ሞልቶ ሲያበቃ ደግሞ ያስተካክላል፤ ከምላጩ ቅርጽ ጋር የተቆረጠ ቆርቆሮ አስጠግቶ በስተጀርባው ባትሪ ያበራል። በቆርቆሮውና በምላጩ መካከል ብርሃን የሚሾልክ ከሆነ ሥራው አላለቀም። በመጨረሻ ምላጩ ቀይ ፈሳሽ ይቀባል፣ ይጠረጋል፣ በላዩም ነጭ ዱቄት ይነፋበታል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ ገብቶ የተደበቀው ቀይ በነጩ ላይ እንደ ደም ሥር ብቅ ይላል።

አሁን ወደ ፋቂው ልምጣ። የተርባይኑ ዘንግ የሚያርፍበት ተሸካሚ ውስጡ ባቢት በሚባል ለስላሳ ነጭ ብረት የተለበጠ ነው። ዘንጉና ባቢቱ በወጉ ሲሠሩ አይነካኩም፤ ከሰው ፀጉር ብዙም የማይወፍር የዘይት ንጣፍ በመካከላቸው ይንሳፈፋል። ባቢቱ ላይ አንድ ጉብታ ካለ ግን ንጣፉ ይበሳል፣ ብረት ከብረት ይገናኛል፣ ባቢቱም ይቀልጣል። ስለዚህ ሠራተኛው ዘንጉን ሰማያዊ ቀለም በስሱ ይቀባና ተሸካሚውን ያስነካዋል። ጉብታው ሰማያዊ ይሆናል። በእጅ ፋቂያ፣ ያንን ሰማያዊ ብቻ፣ በሚሊ ሜትር መቶኛ በሚቆጠር ስስነት ይልጠዋል። እንደገና ይቀባል፣ እንደገና ያስነካል፣ እንደገና ይፍቃል። ሰማያዊዎቹ ነጠብጣቦች መጀመሪያ ጥቂትና ትልልቅ ናቸው፤ ሥራው ሲገፋ ብዙና ትንንሽ ሆነው ፊቱን ሁሉ እኩል ይሸፍኑታል። ሲያልቅ ባቢቱ የዓሣ ቅርፊት ይመስላል። መቻራ ላይ ከሰል የተቀባውን ጣውላ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያሻውም። ቀለሙ ከጥቁር ወደ ሰማያዊ ተለወጠ እንጂ ዘዴው ያው ነው፤ ዕቃው ራሱ የት እንደሚነካ እንዲናገር ማድረግ።

በቋንቋችን «ፋቂ» ስድብ ነበር። ቀጥቃጭም፣ ሸማኔም፣ ሸክላ ሠሪም እንዲሁ። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል፤ አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለበዛ ነው። ዛሬ የተርባይን ተሸካሚ ፋቂን ቴክኒሽያን ብለን ስም ቀይረንለታል፤ እጁ የሚሠራውን ግን አሁንም ቀርበን አላየንለትም። ግድብ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጠው ሌላ ነው። በ40ኛ ዓመቱ የሚፍቀው ሰው ፎቶ የለውም።

መቻራ ውኃ ምን እንደሚሠራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። በዙሪያዋ ባሉት የኖራ ድንጋይ ዋሻዎች ውስጥ ውኃ ጠብ እያለ ድንጋይ ያቆማል። ጥናቱ ሲደረግ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው አስፋወሰን አስራትና የሥራ ባልደረቦቹ ከእነዚህ ዋሻዎች የወሰዷቸውን የድንጋይ ዓምዶች ቆርጠው አጥንተዋል፤ ንብርብራቸውን እንደ ዛፍ ቀለበት እየቆጠሩ የጥንቱን ዝናብ አንብበውበታል። ያ ውኃ በዓመት የሚያክለው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስስ ንብርብር ነው። በተርባይኑ ውስጥ የሚያልፈው ውኃ ደግሞ በተመሳሳይ ትዕግሥት ይቀንሳል። ጥገና የሚባለው ነገር በየጊዜው ያቺን የጎደለች ስስ ንብርብር መመለስ ነው፤ የዋሻውን ሥራ በበያጅ ዘንግ መሥራት።

ካልተመለሰ ምን ይሆናል? እኛም ምሳሌ አለን። አቃቂ ወንዝ ላይ ያለው አባ ሳሙኤል፣ በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ፣ ቆሞ ለአሠርት ዓመታት ደለልና አረም ሲውጠው ኖሮ በቻይና ድጋፍ ታድሶ እንደገና የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የሌላውን አገር ምሳሌ ግን እንዲህ በለሆሳስ ማውራት አይቻልም። በሩሲያ የሳያኖ ሹሸንስካያ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 2009 ሁለተኛው ተርባይን ከነክዳኑ ተፈናቅሎ ወጣ፤ ውኃው አዳራሹን አጥለቀለቀው፣ 75 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች ክዳኑን ይዘው ከነበሩት ብሎኖች 49ኙን አግኝተው ቢመረምሩ 41ዱ በድካም የተሰነጠቁ ነበሩ። አንዳንዶቹ ጭራሽ ዳዶ እንዳልነበራቸው ተጠርጥሯል። ያ ማሽን በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ጥገና ተደርጎለት ነበር። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ጥሩ ጠጋኝ የሚፈታው እያንዳንዱ ብሎን ለምን ቁጥር እንደሚሰጠው፣ ለምን ንጹሕ ጨርቅ ላይ በተራ እንደሚደረደር፣ ከጠበቀ በኋላም ከዳዶው እስከ ብረቱ ቀጭን የቀለም መስመር ለምን እንደሚሰመርበት ገባኝ። ዳዶው በፀጉር ስንጥር ያህል ከላላ መስመሩ ይሰበራል፤ በእጅ ባትሪ የሚያልፍ ተረኛም ያየዋል።

ሁሉም ተመልሶ ከተገጠመ በኋላ ማሽኑ የሚነሣበት ሰዓት አለ። በዝግታ ይለቀቃል፤ ሰዎች የሚያዩት የተሸካሚውን ሙቀት ነው። ይወጣል፣ ይወጣል፣ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ይረጋል። እዚያ እስኪረጋ ድረስ የሚያወራ የለም። ፋቂው ለቀናት የለፋው በዚያች ቁጥር ይፈረድበታል። ከዚያ ከአገሪቱ መረብ ጋር የመገናኘት ጉዳይ ይቀራል። መረቡ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይወዛወዛል፤ አዲስ የሚገባው ማሽንም በዚያው ምት፣ በዚያው ቅጽበት ሊወዛወዝ ይገባል። መቆጣጠሪያው ላይ ሰዓት የመሰለ መሣሪያ አለ፤ መርፌው ዙሪያውን በቀስታ ይዞራል፣ ማብሪያው የሚዘጋው መርፌው አናት ላይ ሲደርስ ነው። ፈረንጆች «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ» ይላሉ፤ በእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት መሆኑ ነው። ከአናቱ ዝንፍ ብሎ የዘጋ ሰው ዘንጉን ያንቀጠቅጠዋል፤ በልኩ የዘጋ ሰው ግን ምንም ድምፅ አያሰማም። ከተሳካ በኋላ የሚደረግ አንድ የቆየ ሙከራ አለ፤ በሚሠራው ማሽን ገላ ላይ ሳንቲም በጠርዙ ማቆም። ሚዛን የተቀረጸበት የእኛ የ1 ብር ሳንቲም ለዚህ የተሠራ ይመስለኛል።

መቻራ ይህን ሁሉ አትሰማም። የምትሰማው ሲጎድል ነው፤ ሲጎድል ደግሞ መጀመሪያ የሚታወቀው በአምፖል አይደለም። የከተማ ውኃ የሚገፋው ፓምፕ ይቆማል፣ ጀሪካን ይሰለፋል። የጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መሀል መቆየት አለበት፤ ሰዓቱ የታወቀ እንደሆነ ነርሷ በር ሳትከፍት ታቆየዋለች፣ ያልታወቀ እንደሆነ ግን የምታደርገው የላትም። በበያጁ ሱቅ የተጀመረ በር ግማሽ ሆኖ ይቀራል። የዳቦ ቤቱ ሊጥ ኩፍ ብሎ ይጠብቃል። ሚኤሶን አቋርጦ ጅቡቲ የሚደርሰው ባቡር እንኳ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ከሁሉ በላይ ግን ማሽላና በቆሎ በሚበላ አገር ወፍጮ ቤት ሆድ ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያውንም እንደ እጅ ሥራ አያለሁ። «ለጥገና ሥራ ኃይል ይቋረጣል» የሚል ወረቀት ልክ እንደ ባቢቱ ወይ በወጉ ተፍቋል፣ ወይ ጉብታ አለበት። ቀን አለው ወይ? የሚመለስበት ሰዓት አለው? በገበያ ቀን ላይ ወድቋል? የሚያነበው ሰው በሚናገረው ቋንቋ ተጽፏል? አንድ ጊዜ፣ በሌላ ከተማ፣ «ከጠዋት ጀምሮ» የሚል ብቻ የተጻፈበት ማስታወቂያ አይቻለሁ። ሰዉ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀመጠ፤ መብራቱ በነጋታው መጣ። መስመሩ ላይ የወጡት ልጆች ሥራቸውን አሳምረው ይሆናል፤ ወረቀቱን የጻፈው ግን ሥራቸውን አበላሽቶባቸዋል።

ያን ቀን መቻራ ላይ ወቃሪው ከሰሉን ለመጨረሻ ጊዜ ቀባ፤ ጥቁሩ እንደ ተልባ ተበትኖ እኩል ሲወጣ መዶሻውን አስቀመጠ። ድንጋዮቹ ተመለሱ፣ ቺንጋው ተጠመደ። 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አምፖሉ በራ። ባለ ወፍጮው መጀመሪያ አንድ ቁና ማሽላ ጨምሮ ድንጋዩን አጠበበት፤ ያ ዱቄት ፍርፋሪ ድንጋይ ስላለበት ተደፋ። ቀጥሎ የእናትየውን በቆሎ ፈጨ። ሲመለሱ ከጆንያው ቆንጥረው በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አሹት።

«ልም ነው» አሉ።

የመብራት ማስታወቂያ ለምትጽፉ፣ ለጭሮም ይሁን ለበዴሳ፣ ለገለምሶም ይሁን ለመቻራ አንድ ልመና አለኝ። መብራት የሚመለስበትን ሰዓት ጻፉ፤ በኦሮምኛም ጻፉት፤ ከገበያው ቀን በፊትም አድርሱት። ወቃሪ የሚቀጠረው ሰዓቱ ሲታወቅ ነው።